ቀብድ

መዝገቡ እኔ ጋ ነው፣ ጠርዙ የተበላ፣
ሽፋኑ ሻይ የጠጣ፣ ውስጡ ሐሜት የሞላ።
የደሴ ተጓዦች ክበብ ጸሐፊ ነኝ፣ ገንዘብ ያዥ፤
ዛሬ ግን፣ ብትሰሙኝ፣ ተናዛዥ።

አርዲቦ ዳር አለን አሥራ አራት የድንኳን ቦታ፣
ሐሙስ የሚያጣላን፣ ቅዳሜ የሚያስማማን ማታ።
አራት ቁጥር ሾላው ሥር ናት፣ ፊቷን ለውሃው የሰጠች፤
አሥራ አንድ ረግረጉ ላይ፣ ከሽንት ቤቱ የተጎራበተች።
ልዩነቱን አባሉ ሁሉ በጀርባው ያውቀዋል፤
አንዷ ላይ ሰው ይተኛል፣ አንዷ ላይ ሰው ያድራል።

ደንባችን አጭር ነበር፤ እጄ ነው የጻፈው፦
«ቀብድ ሁለት መቶ ብር፤ የቀረ ሰው ቀብዱ የቀረ ነው።»
ሲጻፍ ቆንጆ መሰለኝ፣ የተሳለ መቀስ፣
የማን ጨርቅ ነው ብሎ ከመቁረጥ የማይመለስ።

ሙሄ የሙጋዱ፣ አንዲት የስፌት መኪና ያለው፣
ሦስት ወር አጠራቅሞ ነው አራት ቁጥርን የያዘው።
ልጆቹ ውሃ ሊያዩ ጫማቸውን አቅፈው አደሩ፤
በዚያችው ሌሊት እናቱ ወድቀው ዳሌያቸውን ተሰበሩ።
ከሆስፒታል ደወለ፣ ድምፁ ዝግ ብሎ፤
«ቀረሁ ወንድሜ» አለኝ። «ቀብዱስ?» አላለም አክሎ።
እኔ ግን በቀይ ጻፍኩ፦ «ቀርቷል። አይመለስም።»
እጄ አልተንቀጠቀጠም። ደንብ ነዋ! ደንብ አያለቅስም።

በዚያው ቅዳሜ ፈንታው፣ የሲሚንቶ ነጋዴው፣
አምስት ቦታ ይዞ ቀረ፤ «ለምናልባት» ነው ዘዴው።
ለሰብሳቢው ደወለ እንጂ ለእኔ አልደወለም፤
ሰኞ ሺህ ብሩ ተመለሰ፤ ገጹ ላይ ቀይ የለም።

ያን ሌሊት ባትሪ ይዤ በውሃው ዳር ስዞር፣
አምስት ባዶ ሣር አየሁ፣ ጤዛ የተኛበት ዳር ለዳር።
አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ግን፣ ጭቃው ውስጥ፣ ጦይባ ነበረች፤
መንታዎቿን ጭኗ ላይ አስተኝታ እሷ ቁጭ ብላ አደረች።
«ያ ሁሉ ሣር የማነው?» አለችኝ ጠዋት።
«የተያዘ ነው» አልኳት።
«ማን ያዘው?» ብላ ቆየች። መልስ ስታጣ ሳቀች፤
«ጤዛ ከፍሎ ኖሯል!» ብላ ድንኳኗን ነቀለች።

ስብሰባ ጠራሁ እኔው፣ ሮቢት፣ ፎቶ ቤቱ ፎቅ ላይ፤
ወንበሩ አሥር፣ ሰዉ ሠላሳ፣ ነገር እንደ ድስት እሳት ላይ።
አንዱ «ቀብድ ይቅር!» ሲል፣ አንዱ «እጥፍ ይሁን!» ሲል፣
ዘበኛው አሊ ይማም ከበሩ፦ «እኔንስ ማን ያስታውሳል?
ባትመጡም እጠብቃለሁ፣ ካስማውን፣ ሾላውን፣ ሌሊቱን፤
በቀረ ሰው ቀብድ ነው የምገዛው ዱቄቱን።»
ጸጥ አልን። ይህን ወገን አላሰብነውም፤
ለሙሄ የሚመለሰው ከሰማይ አይዘንብም።

መብራት ሄደ። በስልክ ብርሃን ጻፍን፤
ሦስቴ ሰርዘን፣ ሁለቴ ተሳድበን፣ አንዴ ሳቅን።

እስከ ረቡዕ የተናገረ ሙሉውን ይወስዳል፤
ሐሙስ ወይም አርብ የቀረ ግማሹ ይቆረጥበታል፤
ግማሹም ለአሊ ነው፣ ከክበቡ ሣጥን አይገባም፤
የታመመና የቀበረ ግን ቀብዱ አይነካም።
«ማስረጃ ያምጣ?» አለ ፈንታው። ጦይባ ቀና ብላ አየችው፤
«ለቅሶ እንደርሳለን አይደል? ማስረጃው እሱ ነው» አለችው።
ለአንድ አባል አንድ ቦታ፤ ባዶው ለቆመ ወረፋ፤
በሰብሳቢ ስልክ ስም አይጻፍ፣ በሰብሳቢ ስልክ ስም አይጥፋ።

የሙሄን ሁለት መቶ ይዤ ሙጋድ ወረድኩኝ፤
መኪናውን ሳያቆም «እዚያ አስቀምጠው» አለኝ።
ይቅርታ ልለው ነበር፤ የመርፌው ድምፅ ቀደመኝ።

በአዲሱ ደንብ መጀመሪያ የተቀጣው ማን መሰላችሁ?
አርብ ማታ ዶፍ ወረደ፤ ፈራሁ፤ ቀረሁ፤ ልንገራችሁ።
ዝናቡ አርዲቦ ሳይደርስ ቆመ፤ ቦታዬ ለጦይባ ደረሳት፤
መንታዎቹ ተኙ፤ እሷንም እንቅልፍ ወሰዳት።
በዚያው ቀይ እስክሪብቶ መቶ ብር ቆረጥኩ ከስሜ፤
አሊ ደውሎ ሳቀብኝ፦ «ዝናብ ያብዛልህ፣ ወንድሜ!»