መጨረሻ የታየበት ሰዓት

ሙሐረቅ፣ ነሐሴ፤ አየሩ እርጥብ ጨርቅ፣
ግድግዳው ያልበዋል፣ ባሕሩ ሳይርቅ።
መብራት ሄዶ መጣ፣ አመጣጡ በጉልበት፣
አውራ ጣት የምታህል ስቲክ ሞተችበት፣
የአቡ ጃሲም ቤት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ አንደበቱን ተያዘ፤
መጋረጃው ቆመ፣ ኤሲውም ፈዘዘ፣
ባዶው ሳሎን ብቻ ሌሊቱን አበራ፤
አሮጊቷ እናት፣ መደወያ ጨብጣ
ተጭና ተጭና እስኪነጋ ብትጣራ
የሰማት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ አምፖል
ከጎረቤቱ አፍ ቃል ይቀበላል፤
ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ደጅ፣
እንደ ሰፈር ወሬ፣ ያለ ሽቦ ያለ እጅ።
ሁሉን የሚያስተዛምድ አንድ ቁልፍ አላቸው፤
እሱ የጠፋ ዕለት
ጎን ለጎን ተሰቅለው ባዳ ናቸው።

ባክአፕ ባይኖር ኖሮ፣ አርባ ሦስቱንም
መሰላል ላይ ወጥቼ፣ አንዱን ባንድ እያባበልኩ
«ስምህ ማነው?» እያልኩ ስንት ሌሊት በቆጠርኩ።
የዘር እህል አይበላም ይላል ያገሬ ሰው፤
ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ሳላነበው፣
በፍላሽ ቋጥሬ ነበር የገለበጥኩት።

አዲሷን ሰካሁ።
የሟቿን ቁጥር ሰጠኋት፣
የሟቿን ቁልፍ አስያዝኳት።
አምፖሎቹ አልጠረጠሩም።
ኮሪደሩ አቤት አለ፣ ደረጃው አቤት አለ።
በባትሪ የሚኖሩት እንቅልፋም ናቸው፣
አይሰሙም፣ ካልነኳቸው፤
እየዞርኩ በር ከፈትኩ፣ መስኮት ገፋሁ፣
እየባነኑ ነቁ።
አርባ። አርባ አንድ። አርባ ሁለት።

አርባ ሦስተኛው ላይ መስመሩ ግራጫ ነው።
«የአንሻ በር» ይላል።
መጨረሻ የታየበት፦ ባለፈው ጥቅምት፣ ሦስት ከአስር፤
በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ከአስር፣ ሌሊት።
ሁኔታ፦ ተከፈተ።

የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱ አዲስ ሲገጠም።
ትራስ ታቅፋ ቆማ «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለኝ
«ለሌባ ነው» አልኳት።
ስሟንም ጠይቄ በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ውኃ ይዛ የመጣችው ጦይባ ናት፣ የሐርቡ ልጅ፤
ዛሬ እሷ ትተኛለች እዚያ ክፍል።
በትከሻዬ በኩል ስክሪኑን አየች፣
ማናት አላለችም።
መቃኑ ላይ የቀሩትን ሁለት የሙጫ ጠባሳ
በአውራ ጣቷ አሳየችኝ፣
«በበረኪና አሸሁት፣ እምቢ አለ» አለች።

አቡ ጃሲም መጣ፣ ካርቶን በእጁ፣
ውስጡ አዲስ ሰንሰር፣ ነጭ፣ ከነሙጫው፦
«ይችን ለትንሿ ክፍል።»

በእኛ አፍ ቁልፍ ማለት መክፈቻውም ነው፣
መዝጊያውም ነው፣
ደረት ላይ ያለችው፣ የሸሚዟም ናት።
ሰውዬው የሚለው የትኛውን እንደሆነ
ጦይባ ገብቷታል፤ ወለሉን ታያለች።

«ሲግናል አይደርስም» አልኩት።
«ግንቡ የድሮ ነው፣ የባሕር ድንጋይ፣ ወፍራም።»
ግንቡን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤
አመነኝ፣ ወይም ሙቀቱ አሰለቸው።
«ሌላው ሁሉ ተመልሷል?»
«ሁሉም ተመልሷል።»
«ስንት ነበሩ?»
«አርባ ሁለት።»

ከዚያ ነው ግራጫዋን መስመር የሰረዝኳት፣
ጣቴ ትንሽ ዘግይታ። አዲስ ባክአፕ ወሰድኩ፤
ይህ ቤት ሞቶ ቢነሳ፣ መቶ ጊዜ ቢነሳ፣
አርባ ሁለት ቆጥሮ ይተኛል፣
አይጠብቃትም።

የድሮውን ፋይል ግን አላጠፋሁትም።
ወደ መናማ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ኪሴ ውስጥ
ፍላሹን በጣቴ ዳበስኩት፦
ተከፈተ ነው የሚለው።
ተዘጋ አይልም።