በሴኮንድ ሦስት

ጅማ፣ ሂርማታ፣ ከጨርቅ ተራ ጀርባ፣ ደረጃው በሚንቋቋ ፎቅ ላይ፣
ሌሊቱን ሰርግ እቆርጣለሁ፤ የሰው ደስታ፣ የእኔ ሲሳይ።
መስኮቴን ዝናብ ይደበድባል፤ አዌቱ ሞልቶ ይጮኻል፤
አምፖሌ አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ ይሞታል፣ ደግሞ ይነቃል።

እኔ እቆጥራለሁ።
ሃያ አምስት ፍሬም በአንድ ሴኮንድ፣ አንዱን ከአንዱ ለይቼ፣
አባቴ ሙስበሓውን እንደሚገፋ፣ በአውራ ጣቴ ገፍቼ፦
ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፤ አንድ ይባላል።
ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፤ ሁለት ይባላል።
እስከ ሦስት ልቤ ይታገሣል።
አራተኛው ብቅ ሲል እጄ ይቆርጣል።
ቀይ ከሆነማ፣ ያ የዲስኮ ቀይ፣ ያ የደም ዘመድ፣
ሦስትም አልጠብቅ፤ ገና ሲመጣ አጠፋዋለሁ ከመንገድ።

አምና ነው። የሙንተሃ ሰርግ። ጭፈራው እንዲሞቅ ብዬ
ነጭና ቀይ ብልጭታ ረጨሁበት፣ በገዛ ጥበቤ ተታልዬ።
የአዳራሹም መብራት ራሱ እንደ እብድ ይበራ ይጠፋ ነበር።
ደንበኛ ይወዳል። «ሞቅ አድርጊው» ይላል። ማን ያስብ ነበር?

ለዒድ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አየው፤ ተጠርቼ እኔም አየሁት።
ምንጣፉ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጦ አገኘሁት፣
ሚስባህን፣ የሙንተሃን ታናሽ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፤
አፉ በከፊል ተከፍቶ፣ ብስኩት ይዞ በአንድ እጅ።
ብስኩቱ ወደቀ።
ከዚያ አንገቱ ወደ ጎን፣
ከዚያ ክንዱ፣
ከዚያ ሁለመናው።

«ክብሪት! ክብሪት!» አሉ፤ ጭረው ካፍንጫው ሥር አስጠጉ፤
ብልጭታ የጣለውን በብልጭታ ሊያነሡ ፈለጉ።
አንዱ «ጅን ነው» አለ፤ አንዷ መቅራት ጀመረች፤
ስክሪኑ ላይ ሙንተሃ ትስቃለች፣ ትዘላለች፣ ትሽከረከራለች፣
ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ፣
የሁላችን ጥላ ግድግዳው ላይ ይዘላል።
ሪሞቱ ጉልበቴ ላይ ነበር።
ረሳሁት።

ሚስባህ ማለት ፋኖስ ነው። ይህን ኋላ ነው የነገሩኝ።
ሆስፒታል ያለችው ሐኪም ናት ሌላውን ያስረዳችኝ፦
«የሚጥል በሽታ ያለበትን ሁሉ ብርሃን አይጥለውም፤ ጥቂቱን ነው።
በሴኮንድ ከሦስት አይለፍ፤ ቀይን ፍሪ፤ ነገሩ ይኸው ነው።»
አልተቆጣችም።
ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ አንድ ደንበኛ፣ የመንቲና ነጋዴ፣ ሥራዬን አየና
«ዚያዳ፣ ብልጭልጩስ? የልጄ ሰርግ ለቅሶ መሰለ» አለ፣ ከፋና።
ምን ልበለው? በማላውቀው ሳሎን፣ በማላውቀው ምንጣፍ ላይ
አንድ የማላውቀው ልጅ ይቀመጥ ይሆናል፣ ይህን ሰርግ ሊያይ?
ሁለት መቶ ብር ቀነስኩለት።

ጅሬን ላይ መብረቅ ይቀዳል፤ ኮረብታው በርቶ ይጠፋል።
እሱንም ቆጠርኩት። ልማድ ሆኖ። እሱን ማን ይቆርጣል?

ያለፈው ቅዳሜ ሚስባህ መጣ። ብቻውን። ቦርሳውን በአንድ ትከሻ።
«የእህቴን ጭፈራ ሁሉም አይቶታል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት እስከ መጨረሻ።»

ሦስት ሌሊት ሠርቼበት ነበር፣ ይመጣል ብዬ ሳልጠብቅ።
የረጨሁትን ለቅሜ፣ የአዳራሹን መብራት አዘግይቼ፣
ቀዩን አደብዝዤ፣ ድንገቴውን ሁሉ አለስልሼ።
የክፍሉን መብራት አበራሁ፤ ወንበሩን ወደ በሩ ገፋሁት፤
«ዓይንህን ከከበደህ አንዱን በመዳፍህ ክደን» አልኩት።
ከመጀመሪያው ከደነ።

ሙንተሃ መጣች። ውሃ ውስጥ እንዳለ ጨርቅ ትዞራለች፤
ቀሚሷ ከእሷ ዘግይቶ ይደርሳል፤ እጇን ታነሣለች፣
ታነሣለች፣ ገና ታነሣለች።

ማየቱን ትቼ እሱን አየሁ።
መዳፉ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሙንተሃ እንዲህ አትጨፍርም» አለ። «እሷ ፈጣን ናት።»
«አዎ።»
«ውሸት ነው ያደረግሽው።» እየሳቀ ነው።
«አዎ።»
አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።
«ድገሚው።»