የእግር ልክ

አዲሷን መኪና ከብራጋንሳ ይዤ የገባሁ ማታ
አባቴ ቤላርሚኖ በነጠላ ጫማ ወጣ፣ ጎማዋን በከዘራው መታ፤
እንደ በቅሎ ገዢ ጥርሷን ሊያይ ትንሽ ቀርቶት
ከመሪው ጎን አንዲት ቁልፍ አየ፣ አረንጓዴ ቅጠል ያለባት።
«ይቺስ?»
«ነዳጅ ትቆጥባለች።»
«ማን አስተማራት?»

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል በዚሁ ዳገት፣
በካስታኛ ዛፎች መሃል፣ በጭጋግ፣ በውርጭ ክረምት፤
ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ ፍሬን ሳይነካ ሲወርድ
እንቁላል የታቀፈች ተሳፋሪ እንኳ ልቧ አይርድ።
«ቁጠባ እዚህ ጋ ነው» አለኝ፣ መሬቱን በተረከዙ መትቶ፣
«ቅጠል ተስሎበት አይሸጥም፣ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ።»

ውርርድ ገባን። በሳምንት ሦስቴ ለኩላሊቱ እጥበት
ሠላሳ ኪሎ ሜትር መውረድ፣ ሠላሳ መውጣት አይቀርለት፤
አንዱን ሳምንት ያለቁልፏ፣ አንዱን ከቁልፏ ጋራ፤
ከልጄ በተረፈ ደብተር ላይ በእርሳስ ሰንጠረዥ ሠራ።

ያለቁልፏ፦ ለመቶ ኪሎ ሜትር አምስት ነጥብ አንድ ሊትር።
ከቁልፏ ጋር፦ አራት ነጥብ ዘጠኝ።
«አየህ!» አልኩት።
አባዛ፣ ደመረ፣ ከመነጽሩ በላይ አየኝ፦
«በሳምንት ስልሳ ምናምን ሳንቲም። በዓመት ሲጠራቀም
አንድ ጎማ ይገዛል፤ እሱም ደህና ጎማ አይደለም።»

«ጭሱስ?» አልኩት፤ «ለአየሩ፣ ለልጆቹ?» ዝም ብሎ
ካስታኛዎቹን አየ በመስኮት፤ ዘንድሮ ቅጠላቸው ያለጊዜው ተቃጥሎ።
«እሺ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ለእነሱ ከሆነ ይቆጠር፤
ግን ዛፍ በሳንቲም አይመዘንም፤ ሌላ ዓምድ ልጨምር።»

ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ዳገቱ ላይ ሲያዘግም
ልቅደመው ብዬ ረገጥኩ፤ እሷ ግን አትቸኩልም፣
ታስባለች፣ ታመነታለች፣ እንደ ገብስ አኝኪ በቅሎ፤
ከወዲያ ማዶ ሁለት መብራት መጣ ጭጋጉን ፈንቅሎ።
«አጥፊያት!» ብሎ ጮኸ። ጠፋች። አለፍን፤ በስንዝር።
እስከ ከተማው አልተነጋገርንም። ኋላ፦ «ይሄም ይስፈር»
አለና ጻፈ፦ ለዳገት አትረባም። ለመቅደም፦ ሞት።
ለከተማ፣ ለቀጥታ መንገድ፦ ትሁን፤ ምን ከፋት።

ሦስተኛው ሳምንት የእሱ ነበር፤ ቁልፏ ጠፍታ፣ እሱ ከጎኔ።
«ልቀቂው እግርሽን፤ ያ መብራት ቀይ ነው፤ ሰው ለመቆም ይሮጣል ወይ?
ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው፤ ዋጋ ይከፈልበታል ወይ?»
አራት ነጥብ ስድስት! እግር ቁልፏን ረታ፤
ለነርሷ ለጉዮማር ሲተርክላት መርፌው ሲገባ እንኳ አላመነታ።

ግን በመልሱ ጉዞ እሱ እሱ አይደለም፤
ደሙ ታጥቦ ሲገባለት ጉልበቱ አብሮ አይመለስም።
አንገቱ ይዘነበላል፤ ምክር የለ፣ «ልቀቂው» የለ፤
በእኔ እግር፣ በየኩርባው፣ ራሱ መስታወቱን እየነካ ተንገዋለለ።
ስለዚህ ሳልነግረው ያቺን ቅጠል በጣቴ ነካሁ፤
ፔዳሉ ደነዘዘ፤ እኔም አብሬ ረጋሁ።

ማሞቂያው ግን አብሮ ይደክማል፤ ይህን መመሪያዋም አይክድ።
«በረደኝ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፤ «ምን ልታተርፊ ነው፣ ምን ልትነግጂ በዚህ ብርድ?
የምትቆጥቢው ከቤንዚኑ ሳይሆን ከጉልበቴ ነው።»
ቆምኩ፤ በካፖርቴ ጉልበቱን ሸፈንኩለት፤ እንቅልፍ ወሰደው።

ጎረቤታችን ዶና አዶዚንዳ እንደዚሁ ያለች ልትገዛ
«ቁልፏ ትረባለች ወይ?» አለች፣ ቆማ ደብተሩን ይዛ።
እኔ መልስ ስፈልግ እሷ ቁጥሩን ሁሉ አልፋ
መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች፤ በተንጋደደ እርሳስ የተጻፈ፦

«መልስ ጉዞ። ቁልፏ በርታለች፤ ልጄ ደበቀችኝ።
ነዳጅ፦ አልተለካም።
እስከ ደጃችን አልቀሰቀሰችኝ።»