ሰባት ሰዓት

ድሬ ላይ ቀትር ሲሆን ጥላ እንኳ ይሸሸጋል፤
ከግንብ ሥር ተጣብቆ መጠለያ ይፈልጋል።
ያኔ የአወዳዩ መኪና ጡሩምባውን ይነፋል፤
መፍቻ ከእጄ ይወድቃል፣ ጸሎት ከአፌ ይጠፋል።

የባጃጅ ሆድ እንደተከፈተ፣ ቅባቱን ሳልታጠብ፣ ስገሰግስ፣
ዕዳዬ ከኋላዬ ነው፤ እኔ ነኝ ቀድሜ የምደርስ።

እሑድማ ነጠላ ለብሼ ከገብርኤል ደጅ አልጠፋም፤
«ማረኝ» እላለሁ ደረቴን ደቅቼ፤
ሰኞን ግን ሳልቅም አላልፍም።

ለጋሽ ወልደሰንበት ነገርኩት፣
የሀዲድ አቅጣጫ ቀያሪ ነበር፣ በጡረታ የወጣ፣
መነጽሩን በክር ያሰረ፣ «ሙሴ» ሲሉት የሚቆጣ።
«ምኞቴን ንቀልልኝ» አልኩት፣ «ከነሥሩ።»
ሳቀ። ጥርስ የለውም፤ ድዱ ነው የሚታየው።

«ባቡርን በግንባሩ ገትሮ ያቆመ ሰው አላውቅም፤
አንድ አይቻለሁ በልጅነቴ፤ ሁለተኛ ግን አላየሁትም።
ከመገንጠያው ላይ ምላስ አለች፣ ብረት፣ ክንድ የማትሞላ፤
እሷን ጥቂት ፈቀቅ ካደረግሃት፣ ባቡሩ ይሄዳል በሌላ።»

ቢጫ ጄሪካን አምጥቶ ከእግሬ ሥር አኖረ።
«ዘወትር በሰባት ሰዓት፣ መጋላ፣ አደ ሙሚና ቤት፤
አንድ እግሯን ስኳር ወስዶባታል፣ ቧንቧዋ ከደረቀ ዓመት።»
«ጸሎቱስ?» አልኩት።
«ጄሪካኑ ሲከብድህ ትጸልያለህ። ያኔ አትዋሽም።»

ረገምኩ ጄሪካኑን፣ የማይገጥም ክዳኑን፤
ረገምኩ ሽማግሌውን፣ መነጽሩንና ክሩን፤
አደ ሙሚናንም፣ «ዘገየህ!» ብላ ስትቀበለኝ በከዘራ።
ሁለት ቀን ከደጅ ጥዬላት ሮጫለሁ ወደ ጓዶቼ ጎራ።
አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አልሄድኩም።

በማግስቱ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።
ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።
የሻይ ብርጭቆዋ ደርቆ ዝንብ ሰፍሮበታል።
ከዘራዋን ፈለግሁት፤ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።
«ትላንት መንገዱ ሞቆ ነው» አለችኝ።
ሰበብ ሳስብ ነበር የመጣሁት፤
እሷ ናት ሰበቡን የሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን መማር ጀመርኩ፤
የትኛው ኒም የቱን ሰዓት እንደሚያጠላ፣
የትኛው ውሻ እንደሚነክስ፣
ደቻቱን በየት በኩል ብሻገር አሸዋው እግር እንደማይውጥ።
ትከሻዬም ተማረ፤ ከግራ ወደ ቀኝ መለዋወጥ።
ጡሩምባው አልተወኝም። ምራቄም አልቀረም፤
አንዳንዴ ተሸንፌያለሁ፤ ይህን አልሰውርም።

«መቼ ነው የሚለቀኝ?» ብዬ ጋሽ ወልደሰንበትን ያዝኩት።
ዝም አለ። መነጽሩን አወለቀ።
«እኔን ሠላሳ አንድ ዓመቴ» አለ።
«ሰዓት የለኝም፤ ሸጬዋለሁ።
ሰባት ሰዓትን ግን ዛሬም በዚህ አውቀዋለሁ»፣
ጣቱን አገጩ ላይ አድርጎ።
ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን፣ ስለ ጡረታው መዘግየት።

በጥር ቧንቧው ተጠገነ።
«በቃ፣ ነጻ ነህ» ተባልኩ።
ተደሰትኩም፤ ምሳዬን ተቀምጬ በላሁ።
መኪናው ነፋ።
ተነሣሁ።
እግሬ ያወቀውን መንገድ ያዘ፤
ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም።
መጋላ ስደርስ ነው እጄን ያየሁት፣
ባዶ ጄሪካን ይዤ፣
ውሃ ከሞላበት ቤት ደጅ ላይ ቆሜ።

አደ ሙሚና እስክታስላት ሳቀች።
«ያ ሞኝ! ምን አመጣህ?»
«እንጃ» አልኩ። እውነቴን ነው።
«እንግዲያ ግባና ጠጣ» ብላ
ከራሷ ቧንቧ በራሷ ጣሳ ቀዳችልኝ፤
እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ግማሹን ሸሚዜ ላይ።

ጠጣሁ።
በጉድጓድ አፍ ቁጭ ብሎ ውሃ የለመነው ጌታዬ
እሱም በቀትር ነበር፣ በስድስት ሰዓት፣ የተጠማው።
እኔ ይኸው በሰባት፣
ጣሳውን ጨብጬ፣
አንድ ሰዓት ዘግይቼ።