ኖራ

ዊትቢ ላይ ገዛነው፣ ከባሕሩ በላይ፣
ጡቡ የተላጠ፣ መስኮቱ ወንፊት መሳይ፤
በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ
የዓሣ አጥማጅ ጎጆ፣ የጎበጠ ጣራ።
ደላላው መሐል ቆሞ፣ ወለሉ እየጮኸበት፣
«ጠባይ ያለው ቤት ነው» አለን በኩራት።
ጠባዩን ያወቅነው ቁልፍ ከያዝን ነው፦
ዝናቡ ደጅ አባርቶ፣ እኛ ቤት ገና ነው።

ይርዳው ግድግዳውን በእንፋሎት ቀቅሎ
ወረቀቱን ላጠው እንደ ሽንኩርት ከፍሎ፤
ከጽጌረዳው ሥር ሰማያዊ ወፎች፣
ከወፎቹ በታች ቡናማ ቅጠሎች፣
ከቅጠሉም በታች የጋዜጣ ቁራጭ፦
የጠፋ ውሻ ፈላጊ፣ የድንችና የከሰል ሻጭ።
ሰባት ቤተሰብ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣
እርጥበቱን ሸፍኖ፣ እርጥበቱን ሳያይ።

ሽማግሌ ግንበኛ፣ ክሊፎርድ የሚባል፣
መዳፉ እንደ ቅርፊት፣ ጣቱ አንድ ይጎድላል፣
መጣና አንኳኳው፣ ጆሮውን አስጠግቶ
እንደ ሐኪም ሁሉ ትንፋሹን ገትቶ።
«ሲሚንቶ ማን ለሰነው?» አለን ተቆጥቶ።
«ይህ ቤት ሲሠራ መተንፈስ ያውቅ ነበር፤
አፉን ዘጉበትና ታመመ ከውስጥ ሥር።
ሲሚንቶው ይሰበር። መድኃኒቱም ኖራ፣
ኖራ ብቻ» አለን። ገባን ወደ ሥራ።

መዶሻ፣ መሮ፣ አቧራ። ሁለት ወር በሙሉ።
ሳናረጅ ሸበትን፣ ቅንድባችን ሁሉ፤
ሻያችን ውስጥ አሸዋ፣ አልጋችን ውስጥ ጠጠር፣
የባንኩ ደብዳቤ በየሳምንቱ በር ሥር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ የወጥ ቤቱን መቃን
ቀለሙን ስፍቀው፣ አረንጓዴ፣ ክሬም፣ ደግሞ አረንጓዴውን፣
በእርሳስ የተሰመሩ አግድም መስመሮች፣
በጎናቸው ቁጥር፣ የደበዘዙ ፊደሎች።
ኖራ፣ ሦስት ዓመቷ፤ ከዳሌዬ እኩል።
ኖራ፣ አራት። ኖራ፣ አምስት። ስድስት ትንሽ ዘለል።
ኖራ፣ ሰባት ዓመቷ፤ ከደረቴ በታች።
ከዚያ ወዲያ እንጨት ነው። ዝም አለች።

«ኖራ!» ብዬ ጮህኩኝ። ይርዳው ደንግጦ መጣ፣
ባልዲ ሙሉ ኖራ ይዞ፣ ወተት መስሎ የነጣ።
በጣቴ አሳየሁት። ባልዲውን አኖረ፤
ከመስመር ወደ መስመር ዓይኑ ተሻገረ፤
ሰባት ላይ ሲደርስ፣ እንደ እኔው፣ ዓይኑ ቀረ።

ኖራ ኖራ ይሆን? ወይስ አልኖረችም?
ምናልባት ቤት ለቀቁ። ምናልባት ኩፍኝ የሚሉት፣ ስሙን አልጠራውም።
ምናልባት የሚለካት አባት ነው ባሕር ያስቀረው፤
እሷማ አድጋለች፣ መስመር የሚያሰምርላት ነው ያጣችው።

ይርዳው፣ «መዝገብ ይኖራል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ።»
እኔ፣ «ተወው። ሳላውቅ አብራኝ ትኑር። አትሂድ።»
እሑድ ግን ብቻውን ኮቱን ደርቦ ወጣ፤
ሲመሽ ተመለሰ፣ ጫማው ጭቃ ጠጣ።
አልጠየቅኩትም። አልነገረኝም።
ብሩሹን አነሳ።

ኖራ ሲቀቡት ውሃ ነው፣ ቀለም አይመስልም።
ቀኑን ሙሉ ለፍተህ ዞር ብለህ ስታይ፣
ግድግዳው እንደ ጥንቱ፣ ምንም አልተሠራም።
ክሊፎርድ ነግሮናል፦ «ታገሡ፣ ተኙ፤
የሚነጣው ሌሊት ነው፣ ማንም ሳያየው።»
የመቃኑን አንድ ጋት ብቻ ሳንቀባ ተውነው።

ጧት ስነሳ ቤቱ ነጭ ነበር።
እንደ ዱቄት አይደለም፣ እንደ ወረቀትም፤
ከውስጡ የመጣ ነጭ፣ ቀስ ብሎ ያደረ።
ያልተቀባው እንጨት ላይ፣ ከሰባቱ ርቆ፣
ከትከሻዬ እኩል፣ አዲስ መስመር ተሰምሯል።
ቁጥር የለውም። ዓመት የለውም።
በእኛ ፊደል፣ በይርዳው የተንጋደደ እጅ፣
ኖራ
ይላል፣ ሌላ ምንም።

ስሟን ይሁን፣ ቅቡን ይሁን፣
ወይስ ሦስተኛውን፣ አልጠየቅኩትም።
ሻይ ጣድኩ። ባልዲውን አጠብኩ።
ዝናብ ጀምሮ ነበር፤
ደጅ ብቻ።