ትርፍ

አሥራ አንድ ተኩል ነው፤ ሮቢት አልነቃችም፤
ሙቀቷ ግን ሌሊት ተኝቶ አያውቅም።
መናኸሪያው በር ላይ አሊዬ ይጣራል፤
«ጀውሃ! የሞላ!» ድምፁ ይፋጫል።
ሦስት ሰው ነው ያለው።

«ስንት ነው?» እላለሁ የማውቀውን ነገር፤
ምናልባት ዛሬ እንኳ ያፍር እንደሁ ቁጥር።
ቁጥር አያፍርም።
መስከረም ላይ ሃያ፣
ለገና ሠላሳ፣
ፋሲካን ተሻግሮ አርባ አምስት ተነሣ፤
አሁን ሰኔ መጣ፣ ስድሳ ብሎ ጠራ፤
ናፍጣ ጠፋ ይላል፣ በኪሴ እያበራ።

ከዕቅድ ደብተሬ የኋላ ገጹ ላይ
ሒሳቡን ጽፌያለሁ፣ ርዕሰ መምህሩ እንዳያይ፦
ደርሶ መልስ በቀን፣ በሳምንት፣ በወር፤
ከደሞዝ ሲቀነስ፣ የቤት ኪራይ ሲቀር፣
እዚህ ላይ እርሳሱ ይሰበራል።

ታሪፍ አለ በሩ ላይ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
ፀሐይ ሲያነብበው ከርሞ ቁጥሩ የነጣበት።
አሊዬን ባሳየው ሳቀ፦ «መምህርት፣
ታሪፍ የበሩ ነው፤ የኛ ደግሞ ትርፍ፤
በይ ግቢ፣ ጠጋ በይ፣ ትንሽ ወደ ጫፍ።»

ለሦስት በተሠራ ወንበር አምስት ሆነን፣
የእትዬ ዘርትሁንን ማሾ ከነከረጢቱ ታቅፈን፣
የማላውቀው ሰው ክርን ከጎድኔ ሲማከር፣
በመስኮቱ በኩል ሐዲዱ አብሮን ሲበር፤
አብሮን ይሄዳል እሱ፣ ዋጋ ሳይጨምር፣
ፍየል እያሻገረ፣ ሰው ሳያሻግር።

«መልሴን» እለዋለሁ። «መልስ የለኝም» ይላል።
ተማሪ እንዲህ ሲለኝ ዜሮ እሰጠዋለሁ፤
ለአሊዬ ግን አሥር ብር እተውለታለሁ።

ትራፊክ!
«ትርፎች፣ ጎንበስ በሉ!»
እታጠፋለሁ፤ ግንባሬ ማሾው ላይ፣
ጠመኔዬ በቦርሳዬ ውስጥ ቀጭ ሲል እየሰማሁ።
አሥራ ሰባት ዓመት ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው፣
በሕግ ዓይን የሌለሁ፣ የማልቆጠር ነኝ ያኔ፤
ከደሞዜ ላይ ትርፍ ፈልጌ አጥቻለሁ፤
እኔ ግን በየጧቱ ትርፍ ሆኜ እሄዳለሁ።

ክፍል ገብቼ ሥዕል ለጠፍኩ።
«ባ፣ ባቡር» አልኩ። «ባቡር ያየ አለ?»
ዝም።
ከኋላ የመይሙና እጅ ብቻ ወጣ፦
«እኔ! ከእናቴ ጋር፣ ማሽላ ተሸክመን፤
ይጮሃል! የገባ ሰው ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣ!»
ወፍጮውን ነው፤ እነሱ ሰፈር ባቡር ይሉታል።
ላርማት አፌን ከፈትኩ፤
ከጧት የፈጨኝ ነገር ገና ጉልበቴን ያመኛል፤
«ትክክል» ብዬ አለፍኩ።

ሐሙስ ማታ ደግሞ ሰማንያ ተባለ፤
መሽቷል፣ ነገ ገበያ ነው፤ ምክንያት መች ጎደለ።
ኪሴ ውስጥ የነበረው ግማሽ መንገድ ነበር፤
ግማሽ መንገድ ላይ ወረድኩ።
ሐዲዱ ላይ ወጣሁ።
ኮንክሪቱ ከኮንክሪቱ ለአንድ እርምጃ ይጠባል፣
ለሁለት ይሰፋል፤ ለእግር አልተለካም፤
ቢሆንም ሾፌሩም እኔ፣ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም፤
ጠጋ በይ የሚለኝ፣ ጎንበስ በይ የሚል የለም።
ስፋቴን ሁሉ ይዤ፣ እጄን እያወዛወዝኩ፣
ሁለት ሰዓት ተኩል ሄጄ ጣቢያው ደረስኩ።

ዘበኛው ጋሽ ሙሄ፣ ባዶውን የሚጠብቅ፣
ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራ።
«ከየት ነው?»
«ከጀውሃ። በባቡሩ።»
ሽርጡን ጠበቅ አርጎ ተነሣ፤ ከአንጓው ላይ የሌለውን ሰዓት አየ፤
«እህ» አለ፣ «ዘገየ።»