ሃያ ሰባት

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣
መስታወት የለ፣ ምን የለ፤ ሰተት አለ
እንዳረፈደ ተማሪ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ተዳክሞ።

አርባ ሁለት ልጆች፣ አሥራ አንድ ወንበር፤
የቀረው በዚያ ጥቅምት የወታደር ማገዶ ነበር።
ጋሽ ሙሄ፣ የእጅ ሥራ መምህሩ፣
ሚስማሩን ነክሶ በከንፈሩ፣
የዚህን እግር ለዚያ፣ የዚያን መደገፊያ ለዚህ ያጋባል፤
አንዱ ጎን ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፤
"ይቀመጡበት፣ ቀለሙ ይደርሳል" ይላል።

እኔ? የሰላም ክበብ ተጠሪ ነኝ።
ኮምቦልቻ ወርጄ ሦስት ቀን የሠለጠንኩ፣
ከነአበሌ፣ ከነከረጢቴ የተመለስኩ፣
ግድግዳው ላይ ርግብ ያሳልኩ፣
ከሥሯ "ይቅር እንባባል" ብዬ በትልቁ የጻፍኩ።
ስም መጥራት ግን አቃተኝ።

ሃያ አምስት፣ ከማል። "አለሁ።"
ሃያ ስድስት፣ ከድጃ። "አለሁ።"
ሃያ ሰባት፣
ሃያ ስምንት፣ ወሰኔ። "አለሁ።"

ሰኞ ዓይኔ መስመር የሳተ መሰለ።
ማክሰኞ ሳል ይዞኝ፣ ሳሉ ስሙን ይዞት ዘለለ።
ረቡዕ ጠመኔ ወደቀኝ፤ ጎንበስ ብዬ
ጠመኔውን አነሣሁ፣ ስሙን መሬት ጥዬ።

ክብሮም ሐዱሽ።
አሥራ ሁለት ዓመቱ፤ ፒያሳ ተወልዶ ፒያሳ ያደገ፣
ጓደኛው ሲወድቅ "አብሽር" ብሎ የሚያነሣ።
ልጁ ምን አደረገ? እኮ፣ ምን አደረገ?

ስሙን ሳየው ግን፣
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
የወንድሜ አንድ እግር ጫማ ይመጣብኛል፤
ሌላው ሄዷል ከሱ ጋር።

ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤
ለክበቡ አስተምሬዋለሁ፤ በጥያቄና መልስም ሸልሜበታለሁ።
ማወቅ ግን ላይ ቤት፣ ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚኖረው፤
የምላስ ሰፈሩ ሌላ፣ ጎረቤቱ ጉሮሮ ነው።

ሐሙስ፣
ሃያ ስድስት ብዬ ወደ ሃያ ስምንት ስሻገር
ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ተነሣ፤
"ቲቸር፣ ሃያ ሰባት ተረሳ።"

ጦይባ አራጋው ናት።
አባቷን በዚያው ሳምንት የቀበረች፣
መስከረም ድረስ ቃል ያልተነፈሰች፣
ከክብሮም ጋር በምትጋራው ዴስክ መሀል ለመሀል
በእስክርቢቶ ድንበር ያሰመረች።
አትወደውም። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።
"ቁጥር አይዘለልማ" አለች።
ሒሳብ ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ ምን ይባላል?

ውጭ የጋሽ ሙሄ መዶሻ ዝም አለ።
"አልረሳሁትም" አልኩ። "ዘልዬው ነው።"
አርባ ሁለት ፊት፣ አንድም ቃል የለ።
ከዚያ ጠራሁት፤ ድምፄ እንደተበላሸ በር እየተንቋቋ።
"አለሁ" አለ፤
የሦስት ቀን ነው፣ የተጠራቀመ፤
ወጣ ሳይጮኽ፣ ሳይንጫጫ።
ጦይባ እጇን አወረደች።
መስመሯን አላጠፋችም። ክርኗን ብቻ
ጥቂት፣ የጣት ስፋት ያህል፣ ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ማታ መብራት የለም፤ በሞባይል ጭላንጭል፣
መዝገቡን ገለጥኩ መምህራን ክፍል።
ከስሙ ትይዩ ሦስት "ቀ"፤
ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ።
ልጁማ ነበር፤
ቀሪዋ አስተማሪ።

መዝገብ አይፋቅም፣ ደንቡ ነው፤
ስርዝ ካለበት ይፈርማል፣ የሰረዘው ሰው።
ሦስት ቦታ ሰረዝኩ፣ ሁለት ቦታ ፈረምኩ፤
ሦስተኛው ላይ እስክርቢቶው በብርዱ ደረቀ፤
በእስትንፋሴ አሞቅኩት፣
ቀጠልኩ።